ሳር ረግጠው ለገቡት ሰብሳቢ

ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
አርባ ምንጭ

ለክቡር አቶ ዘርአብሩክ
የባለቤት አልባ ውሾች ማስወገጃ ግብረ ኃይል ሰብሳቢ

ጉዳዩ፦ የቀረውን አንድ ውሻ ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ጤና፣ እንዲሁም ለዚያች ነጭ ፒካፕ ጤና ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል፤ እሱም ባለፈው ሳምንት በአንድ ቀን አራት ጉድጓድ ስለቆፈርኩ ነው እንጂ ከእርስዎ መሥሪያ ቤት ጋር የሚያያዝ ነገር የለውም።

ይህን ደብዳቤ ግልጽ ማድረጌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ቀደም ሲል የጻፍኩልዎ ሦስት ደብዳቤዎች መዝገብ ቤት ገብተው እዚያው መቅረታቸውን ስላወቅኩ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት በታይፕ ጸሐፊነት ያገለገልኩ ሰው ነኝና ደብዳቤ የት ገብቶ እንደሚቀር ከማንም በላይ አውቃለሁ። ስለዚህ ይኸኛውን በቀበሌው የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ በዓሣ ማውረጃው በርና ሲቀላ ሰፈር መናኸሪያው አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ፤ እርስዎ ጊዜ ባያገኙ እንኳ አንብቦ የሚነግርዎ አይጠፋም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ከመነሻው ላስረዳ። በርናባስ እንድሪያስ የሚባል አንድ ልጅ አለኝ። እዚሁ ከተማችን ውስጥ የውሃ ምህንድስና ተምሮ ተመረቀ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የሥራ ማመልከቻ ሲያስገባ ከረመ፤ በመጨረሻ በወረቀት እምቢ ያለኝን ውሃ በጀልባ እገባበታለሁ ብሎ ጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ ማስገር ጀመረ። ግንቦት 2015 አንድ ጠዋት ብቻውን ወጣ። ጀልባዋ ተመለሰች። መረቡ እንደተጣጠፈ ነበር፣ ምሳ ዕቃውም አልተከፈተም። እሱ አልነበረባትም።

ጀልባዋ በተገኘች በስምንተኛው ቀን የግቢዬን በር ስከፍት አንድ ቡናማ ውሻ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁ። ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። አንገቱ ላይ ሰማያዊ የመረብ ሲባጎ ታስሯል። ውሻው እንግዳ ቢሆንም ቋጠሮው እንግዳ አልነበረም፤ ልጄ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የጫማውን ክር የሚያስርበት፣ ስንት ጊዜ ተቆጥቼ ላስተወው ያልቻልኩት፣ ሁለት ጊዜ ዞሮ ወደ ውስጥ የሚገባ ቋጠሮ ነው። ዓሣ ማውረጃው ድረስ ሄጄ ብጠይቅ፣ በርናባስ ጀልባዋን ባስጠጋ ቁጥር የቀረሶ ዓሣ ጭንቅላት እየወረወረ የሚያበላቸው ውሾች እንደነበሩ ነገሩኝ። ከሐይቁ እስከ ቤቴ ያለው መንገድ ግን ቅርብ አይደለም፤ ልጄም አንድ ቀን እንኳ ውሻ አስከትሎ መጥቶ አያውቅም። ቤቱን ማን እንዳሳየው እስከ ዛሬ አልገባኝም። በወሩ ሁለተኛው መጣ፣ ቀጥሎ ሦስተኛው፤ ለመስቀል አምስት ሆነው ነበር። አልጠራኋቸውም፤ አላባረርኳቸውምም።

አምስቱም አይጮኹም ነበር። ቀኑን ሙሉ ከሙዙ ሥር ይተኛሉ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሲሆን፣ ጀልባዎች ከጫሞ በሚመለሱበት ሰዓት፣ ሁሉም እኩል ይነሡና በሩ ላይ ተደርድረው ወደ ሐይቁ የሚወስደውን መንገድ ያያሉ። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲህ ቆመው ተመልሰው ይተኛሉ። መጀመሪያ ሰሞን እፈራቸው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከቤት መውጣት አቅቶኝ በመስኮት አያቸው ነበር። በኋላ ግን ሥራዬን እያቋረጥኩ አብሬያቸው መቆም ጀመርኩ። ሰው በአርባው ቀን ነው ትቶኝ ወደየቤቱ የሄደው፤ አብሮኝ የሚጠብቅ ያገኘሁት ከእነሱ ነው።

እንግዲህ ወደ እርስዎ ልምጣ። ምስጋናዬንና ቅሬታዬን ለመለየት ብሞክር ስላልሆነልኝ ሁለቱንም ባንድ ተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ ማስታወቂያዎ። ውሻ የነከሳቸው ሰዎች በከተማችን እንዳሉ አውቃለሁ፤ የውሻ እብደት ቀልድ አለመሆኑንም አልክድም። ለዚህም ነው አምስቱንም አስከትቤ ካርዳቸውን በላስቲክ ጠቅልዬ ያስቀመጥኩት። ማስታወቂያዎ ግን በአሥራ አራት መስመር ውስጥ «ማስወገድ» የሚለውን ቃል ዘጠኝ ጊዜ ሲጠቀም «ክትባት» የሚለውን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠቀሰም። በተለይ ተራ ቁጥር 3፣ ከባለቤቱ ግቢ ውጭ የተገኘ ማናቸውም ውሻ ባለቤት እንደሌለው ይቆጠራል የሚለው፣ ለአጭርነቱና ለግልጽነቱ ሊመሰገን የሚገባው ነው። በታይፕ ዘመኔ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ሰጥተውኝ ቢሆን ኖሮ ሳልሳሳት እጽፈው ነበር።

2. ስለ ቅጹ። ውሻ ለማስመዝገብ ባለቤቱ በአካል ቀርቦ መፈረም አለበት። እኔ በባለቤት ቦታ የልጄን ስም ጻፍኩ፤ ውሾቹ የእሱ ናቸውና። ጸሐፊዎ፣ ጨዋ ልጅ ናት፣ ወይ ባለቤቱ ይቅረብ ወይ የሞት ምስክር ወረቀቱ ይቅረብ አለችኝ። የሞት ምስክር ወረቀት ለማውጣት ብሄድ አስከሬን ስለሌለ አይቻልም ተባልኩ። ልጄ በመዝገብ የሚገኘው «አድራሻ የለቀቀ» ተብሎ ነው፤ ስለ አገላለጹ አመሰግናለሁ፣ ለቤት ኪራይ የወጣ ያህል ቀሎኛል። ሁለት ዓመት ሲሞላ ፍርድ ቤት ሄደው መጥፋቱን ያስወስኑ ብለውኝ ነበር። ሁለት ዓመቱ ባለፈው ግንቦት ሞላ። አልሄድኩም።

እርስዎም ለነገሩ መላ ይሆናል ብለው፣ የራሴን ስም በባለቤት ቦታ ጽፌ እንድገላገል መክረውኛል። ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው ብለዋል፤ ልክ ነዎት። ቅጹን ቤት ወስጄ ሁለት ቀን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። በሠላሳ አንድ ዓመት የስንት ሰው ስም እንደጻፍኩ ቁጥሩን አላውቀውም፤ የራሴን ስም እዚያች መስመር ላይ መጻፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ውሾቹ የእኔ ከሆኑ እሱ አይመጣም ማለት ነው። ሌላ ትርጉም ካለው እባክዎ በደብዳቤ ያሳውቁኝ።

3. ስለ ሳሩ። ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ እንድሪያስ የጨንቻ ሰው ነበር። በእነሱ ዘንድ እርጥብ ሳር ነቅሎ ከፊትዎ ያኖረ ሰው ተንበርክኮ እየለመነ ነው፤ ያንን ሳር ረግጦ የሚያልፍ የለም፤ ለጠብ የወጣ ሰው እንኳ ሳሩን ሲያይ ይቆማል። ይህን እርስዎም ያውቃሉ፤ ያደጉት እዚሁ ነው። ሠራተኞችዎ መርዝ ያለበት ሥጋ በባልዲ ይዘው በየደጁ መዞር የጀመሩ ዕለት፣ ቅጹ ያላዳነልኝን ሳር ያድንልኝ እንደሆነ ብዬ ከኩልፎ ወንዝ ዳር ያመጣሁትን እርጥብ ሳር በሬ ላይ አኖርኩ።

ሠራተኛዎ ካሱ ደረሰ፤ ሳሩን አየ፤ ባልዲውን መሬት አስቀምጦ ቆቡን አወለቀ። «እማማ፣ ይሄን ከረገጥኩ ጎሜ ነው፤ እቤት ልጆች አሉኝ» ብሎኝ ተመለሰ። ጎሜ ማለት፣ ለማያውቅ አንባቢ፣ የማይደፈር ነገር ተደፍሮ በደፋሪው ቤት ላይ የሚመጣ መዘዝ ነው። ካሱ በዚያው ዕለት ከሥራ እንደታገደ ሰምቻለሁ። ለእኔም «የግብረ ኃይሉን ሥራ በሳር ማደናቀፍ» የሚል ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል፤ በመስታወት አድርጌ ለመስቀል አስቤያለሁ።

በማግስቱ እርስዎ ራስዎ መጡ። አንድ ሰብሳቢ ለአምስት ውሾች ሲል ከቢሮው ተነሥቶ ደጄ ድረስ መምጣቱ ምን ያህል እንዳኮራኝ መግለጽ ያዳግተኛል። ስልክ እያናገሩ ስለነበር ሰላምታዬን አልሰሙትም። ሳሩ ላይ ቆመው ንግግርዎን ጨረሱ፤ ሥጋውን ይዘው ገቡ፤ ሲወጡም ጫማዎ ላይ የተጣበቀውን በበሬ ደፍ ጠርገው ሄዱ። ንጽሕና የሚወዱ ሰው መሆንዎን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

4. ስለ ሥጋው። ጥሩ ሥጋ ነበር። ከፋሲካ ወዲህ እንደዚያ ያለ ለራሴም አልገዛሁም። አራቱ በሉት። አምስተኛው፣ ሰማያዊ ሲባጎ ያሰረው፣ ከዓሣ በስተቀር ስለማይበላ አሽትቶ ተመለሰ። መርዙ የጀመራቸው ሦስት ሰዓት ተኩል ግድም ነው። ይህን ብጽፍ ያምኑኛል ብዬ አይደለም፣ ያየሁትን ግን ለሌላ ለማን ልንገር፤ አራት ሰዓት ሲሆን፣ መነሣት ያልቻሉት አራቱም ባሉበት ሆነው ራሳቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ያኔም አልጮኹም። እኔም መሃላቸው ቆሜ መንገዱን አየሁ፤ ምን ላድርግ፣ ሰዓቱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰባት ቀን ሆነ። የቀረው ውሻ አሁንም በአራት ሰዓት ይነሣል። በሩ ሰፊ ሆኖ ሳለ መሃል ላይ አይቆምም፤ ለአራት የሚበቃ ቦታ ትቶ ጥጉን ይዞ ይቆማል። እኔም ያንን ቦታ መርገጥ ፈርቼ ከኋላው እቆማለሁ።

5. ስለምለምነው ነገር። ምዝገባው ኅዳር 20 ስለሚያበቃ ቅጹን ሞልቼ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። የውሻው ባለቤት፦ በርናባስ እንድሪያስ። አድራሻ፦ ጫሞ። የባለቤት ፊርማ በሚለው ቦታ «ሲመጣ ይፈርማል» ብዬ ጽፌበታለሁ። ያልተሟላ ነው ብለው እንደሚመልሱት አውቃለሁ፤ እኔም ስንቱን ያልተሟላ መልሻለሁ። ሆኖም እስካሁን ያሾፍኩትን ሁሉ ወደ ጎን ትቼ አንድ ነገር በቁም ነገር ልለምንዎ። ይህን አንዱን ይተዉልኝ። እሱም ከሄደ በአራት ሰዓት የሚነሣ እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ሰው ስለሆንኩ አንድ ቀን ልረሳ እችላለሁ። የምፈራው ያንን ቀን ነው።

ለሰጡኝ ምክር፣ ላስቆፈሩኝ ጉድጓድና በሥራ ብዛት ላላዩት ሳር ደግሜ ደጋግሜ እያመሰገንኩ፣ ከፍ ላለው ሥልጣንዎና ለጫማዎ ንጽሕና እጅ እየነሣሁ እሰናበታለሁ።

አገኘሽ ጉግሳ
ጡረተኛ የታይፕ ጸሐፊ፣ የበርናባስ እናት

ግልባጭ፦
ለአቶ ካሱ፣ ከሥራ ለታገዱት
ለአቶ በርናባስ እንድሪያስ፣ ባሉበት

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ልለጥፍ ዛሬ ጠዋት በሬን ስከፍት አንድ ትልቅ ጥቁር ውሻ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁ። ጥሩ የቆዳ ማሰሪያ አለው፤ ማሰሪያው ላይ ያለው ቆርቆሮ «ቁጥር 1» ይላል። ጸሐፊዎን በስልክ ብጠይቃት በመዝገቡ የመጀመሪያው ውሻ የእርስዎ መሆኑን ነገረችኝ። በማስታወቂያዎ ተራ ቁጥር 3 መሠረት ከአሁን ወዲያ ባለቤት የለውም፤ እኔ ግን ደንብ አክባሪ ስላልሆንኩ ውሃ ሰጥቼዋለሁ። ምግብ አልቀምስ አለ። አራት ሰዓት ሲሆን ከእኛው ውሻ ጋር እኩል ተነሣ፤ ባዶው ቦታ ላይ ገብቶ ቆመና የሐይቁን መንገድ አየ። ክቡር ሆይ፣ እስከ ዛሬ በዚህ በር የመጣ ውሻ ሁሉ ያልተመለሰ ሰው የሚጠብቅ ነበር። አላሟርትብዎትም፣ እናት ነኝ፤ ብቻ ከቤትዎ የወጣ ሁሉ መግባቱን ዛሬውኑ ያረጋግጡ። ውሻዎንም መጥተው ይውሰዱ። በሬ ላይ አዲስ ሳር አኑሬያለሁ፤ ይኸኛው ልመና ስለ እርስዎ ቤት ነውና እባክዎ አይርገጡት።