ለግሌኒስ ሃርትሊ አሥራ ሁለቱን ሰዎች ይተዉላት

ለክቡር የፍትሕ ሚኒስትር
ለንደን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ይረዱልኝ፤ ጎረቤቴ ግሌኒስ ሃርትሊ የምትንከባከባቸውን አሮጊት ቀለበት ትስረቅ አትስረቅ እኔ አላውቅም፤ እርስዎም አያውቁም። ይህን የሚወስኑት ጁሪ የሚባሉት አሥራ ሁለት ተራ ሰዎች ናቸው፤ እርስዎ ደግሞ የፍርድ ቤቶችን የመዝገብ ወረፋ ለማሳጠር እነሱን አሰናብተው አንድ ዳኛ ብቻ ሊያስቀሩ አስበዋል።

ጤናዎ እንደምን ነው? ከፍርድ ቤታችን ጣሪያ የተሻለ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። የቀረውን፣ ሒሳብ ሳስተምር ያረጀሁ ሰው ነኝና፣ በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩. በመጀመሪያው ቀጠሮ ለጁሪነት የተጠሩት ሁሉ ማልደው ተገኙ፤ ዐቃቤ ሕጉ ግን በዚያው ሰዓት ሌላ ከተማ ችሎት ተመድቦ ኖሯል። በሁለተኛው ቀጠሮ ዐቃቤ ሕጉ ቢመጣም ዝናቡ ቀድሞት ችሎቱ ውስጥ ገብቶ ነበር። ጉዳዩ ለሚመጣው ግንቦት ተላለፈ። ለመዘግየቱ ተጠያቂዎቹ በሰዓቱ የመጡት የጁሪ ሰዎች መሆናቸውን እርስዎ ስለደረሱበት እጅግ አመሰግናለሁ።

፪. ቀደም ሲል ለጻፍኩት ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤትዎ በደረሰኝ መልስ «ጁሪ ያዘገያል» ተብሏል፤ ስሌቱ ግን አልታየም። ተማሪዎቼ ስሌት ሳያሳዩ ውጤት ብቻ ሲጽፉ ከጎናቸው ካለው ልጅ እንደቀዱ እጠረጥር ነበር። እርስዎን እንዲህ አልጠረጥርም።

፫. አሥራ ሁለት ሰው አይሳሳትም አልልም፤ የመምህራን ስብሰባ ላይ ብዙ ዓመት ተቀምጫለሁ። ግን ለመሳሳት እንኳ መጀመሪያ መከራከር ነበረብን።

፬. ግሌኒስ ከተከሰሰች ጀምሮ ከሥራ ታግዳለች፤ ከተፈረደባት ደግሞ አረጋዊ እንድትንከባከብ የሚፈቅድላት አይኖርም። ባለፈው እሑድ እህቷ «አንዱ ዳኛ ይበቃሻል፣ ቶሎ ይገላግልሽ!» ብትላት፣ ከአጥሩ ወዲህ ወደቆምኩት ወደ እኔ ዞራ እንዲህ አለች፦ «ስሟት እስቲ መምህር! ዳኛው ክፉ ናቸው አልወጣኝም። ግን እሳቸው አሮጊት አጥበው ያውቃሉ? ከአሥራ ሁለቱ አንዱ እንኳ እናቱን አጥቦ ከሆነ፣ ቀለበት በሳሙና ከጣት ሙልጭ ብሎ የትም እንደሚገባ አይጠፋውም። ይሄን ሁሉ ጊዜ ጠብቄ፣ አሁን ሰዎቼን ይወስዱብኝ?»

ስለ ፍጥነት ያለዎትን ጉጉት ከወረፋው ርዝመት እኩል እያደነቅሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

አርኖልድ ትዌይት
ጡረተኛ መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ አዲሱ ሕግ ከግንቦት በፊት ሊጸድቅ ነው ይባላል። አያድርገውና እርስዎ ባልሠሩት ሌብነት ቢከሰሱ ማንን ይመርጡ ነበር፣ አንድ ዳኛ ወይስ አሥራ ሁለት ሰዎች? ግሌኒስ መልስዎን ከእኔ ትጠብቃለችና፣ እባክዎ እስከ ዓርብ ይጻፉልኝ።