የደበቅኩህ ጆይስቲክ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ልነግርህ ብዬ ሦስት ጊዜ ደወልኩልህ። ሦስቱንም ጊዜ ወሬውን ወደ ጤናና ወደ ዝናብ አዙሬ ዘጋሁት። ከአፌ አልወጣ ስላለኝ ልጻፈው።

አዲሱን የጌም ማጫወቻ የገዛሁ ቅዳሜ ትዝ ይልሃል? እንደ ወትሮው ከምሳ በኋላ አንተ፣ እህታችንና ባሏ እኔ ቤት መጥታችሁ ነበር። በአሮጌው ማጫወቻ ስንት ዓመት ሙሉ ባልና ሚስቱ በአንድ ወገን፣ አንተና እኔ በሌላው ሆነን፣ አራታችንም ጆይስቲክ ይዘን ኳስ ተጫውተናል። የዚያን ቀን ግን፣ አዲሱ ከሁለት ጆይስቲክ በላይ ስለማይቀበል በተራ እንጫወት፣ የተሸነፈ ይነሣል አልኳችሁ። አንተ ፈገግ ብለህ፣ "ዕቃው ሲዘምን ቤቱ ጠበበ በለኛ" አልክ።

ዋሽቼህ ነበር። አራት ይቀበላል። ሁለቱን ከነካርቶናቸው ቁም ሣጥን ውስጥ ደብቄያቸው ነበር።

እጅህ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። የሰዓት ጥገና ሱቅህን "ዓይኔ ደከመ" ብለህ ስትዘጋ ሁሉም አመነህ። እኔ ግን አንድ ቀን ደጃፉ ላይ ቆሜ፣ ቅንጣት የምታህል ብሎን በወረንጦ ለማንሣት ስትታገል አይቼሃለሁ። አይቼም ዝም አልኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ኳሷ አንተ ጋ ስትደርስ እንነጠቃለን፤ የእህታችን ባል ይቀልድብናል፤ እኔ እበግናለሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ከወንድሜ እጅ ይልቅ የጌም ሽንፈት አንገበገበኝ።

የዚያን ቅዳሜ በመጀመሪያው ጨዋታ ተሸንፈህ መስኮቱ ሥር ተቀመጥክ። በሚቀጥለው ቅዳሜም መጥተህ እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው እንግዳ መጣብኝ ብለህ ቀረህ። በአራተኛው ምክንያትም አልሰጠህም። ከዚያ ጓዝህን ጠቅልለህ ልጅህ ዘንድ ሄድክ።

ባለፈው ሳምንት ልጅህ ደወለችልኝ። ከመጀመሪያው ቅዳሜ ማግስት፣ አራት ጆይስቲክ የሚያገናኝ ተጨማሪ ዕቃ ገዝተህ ልታስደስተኝ ሱቅ ሄደህ ነበር ለካ። ሻጩ፣ "አባባ፣ ያለ እሱም አራት ይቀበላል እኮ" ብሎሃል። እሷን ደግሞ፣ "ለአጎትሽ እንዳትነግሪው፣ ያፍራል" ብለሃታል።

ስለዚህ በሁለተኛው ቅዳሜ የመጣኸው እያወቅክ ነው። መስኮቱ ሥር ሆነህ እኛን ስታይ፣ እስክናገር እየጠበቅከኝ ነበር? እኔ ጎል ባገባሁ ቁጥር አጨብጭበህልኛል። ይህን ካወቅኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

የፊታችን ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። ሐኪም ቤት የምትሄድበት ቀን ካለም ንገረኝ፤ አብሬህ እሄዳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ከልጅነቴ ጀምሮ ባጠፋሁ ቁጥር "ምንም አይደል" ትለኛለህ። በሩን ስትከፍትልኝ እሷን ቃል እንዳታወጣት። ተቆጣኝ፣ ወንድም ጋሼ። ቁጭ ብዬ እሰማሃለሁ።

የበደለህ ታናሽህ