ውሃው እዚያው ይተኛ

ለውድ እህቴ ለፌሊሲታ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከርመሻል? የአሜሪካው፣ የታኮማ ብርድ አጥንትሽን አልቆረጠመውም? የባልሽ የቶማስስ ጉልበት ተሻለው? እኔና ባለቤቴ ሬሜዲዮስ ደህና ነን፤ የምንበላው አላጣንም።

የምጽፍልሽ እዚህ ደሴታችን ላይ ስለ ሰፈሩት የአሜሪካ ወታደሮች ቦይ ነው። ከማሠልጠኛ ሜዳቸው የሚወርደው ቦይ በአውሎ ነፋሱ ፈርሶ፣ ጭቃውን በአባታችን የጎደሬ ማሳ ላይ እንደሚደፋ ታውቂያለሽ። እናታችን ጎደሬዋን አድናለሁ ብላ እዚያ ጭቃ ውስጥ ስትዳክር ነው ሳንባዋን ታማ የቀረችው። ከቀብሯ ማግስት በራቸው ላይ ቆሜ አቤት ስል፣ አለቃቸው «ሽማግሌው፣ ውሃ መቼም ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ ምን እናድርግህ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ዘንድሮ እግዜር ፈረደ። ጎርፉ የራሳቸውን መንገድ በላው፤ መኪኖቻቸው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅረው ልምምዱ ቆመ። አሁን ቦዩን ሊጠግኑ ተጣድፈዋል። ሕጉ ግን ከመቆፈራችሁ በፊት በወንዙና በዓሣው ላይ የሚደርሰውን ጉዳት አጥኑ፣ ጎረቤቱንም ስሙ ይላል። ውሃውን እንዲወስድ ሊቀብሩት ያሰቡት አዲሱ ቱቦ ደግሞ በእኛ መሬት ካላለፈ ባሕር አይደርስም።

ስለዚህ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሰበሰቡን። ለወታደሮቹ ተቀጥሮ ጥናቱን ሊያስረዳ የተነሣው መሐንዲስ የአንቺው ልጅ ሮኬ! አንቺ ታውቂ ነበር? በሰው ሁሉ ፊት እጄን ሊስም ጎንበስ አለ። እኔም እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ሽማግሌ እጁን ሲነፍግ ምርቃቱን መንፈጉ እንደሆነ የማያውቅ አዳራሹ ውስጥ አልነበረም።

«አጎቴ፣ ቦዩ ካልተጠገነ እኮ የእናንተም ማሳ አይደርቅም» አለኝ በለሆሳስ።

«አይድረቃ!» አልኩት።

ያ ቀልደኛ ጎረቤታችን ኢሲድሮ ከኋላ ሆኖ «ወታደሮቹ ዋና ይማሩበት!» ሲል ሰው በሳቅ ፈረሰ። ያው የድሮው አለቃ ፊቱ ቀልቶ፣ «አባት፣ እባክዎ፣ ምን እናድርግልዎ?» አለኝ። አሁን አንቱ ሆንኩ! «ውሃ መቼም ወደ ታች ነው የሚወርደው» ብዬው ባርኔጣዬን ደፍቼ ወጣሁ።

መሬቱ የሁለታችን ስለሆነ ያንቺንም ፈቃድ ይፈልጋሉ። ሮኬ ደውሎ ይለማመጥሻል። ጡረታ ስትወጪ ቤት ልትሠሪ ያሰብሽው እዚያው ማሳ ላይ መሆኑን አልዘነጋሁም። እኔም ከእንግዲህ የዚያን ማሳ ጎደሬ እንደማልቀምስ አውቃለሁ። ቤቱም ይቅር፣ ጎደሬውም ይቅር። እናታችን በጭቃ ሞታ እነሱ በደረቅ መሬት አይሠለጥኑም። እንዳትፈርሚ።

ቶማስን ጤና ይስጥልኝ በይልኝ። ምራትሽን ኒኮላሳን እንዴት ነሽ በያት፤ ሕፃኗንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ሬሜዲዮስ «ለሮኬም ሰላምታ ጻፍ እንጂ፣ አንተ ድንጋይ!» እያለች አጠገቤ ቆማ ትነዘንዘኛለች። እሷ ከፈለገች በራሷ ወረቀት ትጻፍለት።

ወንድምሽ ባልታሳር
ኢናላሃን፣ ጉዋም
ኖቬምበር 9 ቀን 2014