የወንድሜን ቅጽል ስም በኩባንያቸው ስም ላስመዘገቡት ዋና ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የሙዚቃ ኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን አሉ? ለባለቤትዎና ለልጆችዎ፣ ለሕግ ክፍልዎ ባልደረቦች በሙሉ፣ በር ላይ ቆሞ እኛን ለሚመልሰው ጥበቃ ሳይቀር ጤናና ሰላም እመኛለሁ። ለእርስዎ በተለይ ረጅም ዕድሜ የምመኘው ከልቤ ነው፤ ከዚህ በታች የምገልጸውን ሁሉ ቁጭ ብለው ለማየት ዕድሜ ያስፈልግዎታልና።

ማን እንደሆንኩ ላያስታውሱ ይችላሉ። ከወንድሜ ጋር ለውል ፊርማ ቢሮዎ ስመጣ ጸሐፊ መስዬዎት ሻይ እንዳመጣ ያዘዙኝ ሴት ነኝ። በእርግጥ የአንዲት ትንሽ የሂፕ ሆፕ አሳታሚ ድርጅት ባለቤት፣ ሥራ አስኪያጅ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ሾፌርና ፅዳት ሠራተኛ ነኝ። ድርጅቱ የሚገኘው አባታችን፣ ነፍሱን ይማርና፣ ትቶልን በሄደው ጋራዥ የመለዋወጫ ዕቃ ክፍል ውስጥ ነው። ግድግዳውን ከአሮጌ መኪና ወንበር በገነጠልነው ስፖንጅ ሸፍነን፣ በመስኮቱ ላይ ጎማ ደርድረን፣ መካኒኮቹ ሞተር ሲያስነሱ ቀረጻ እያቋረጥን ሲያጠፉ እየቀጠልን አንድ አልበም ሠራን። ያንን አልበም ለአንድ ዓመት እንዲያከፋፍሉልን ለእርስዎ ሰጠን። ዓመቱ ሲያልቅ ውሉም አለቀ፤ ተጨባብጠን ተለያየን። ቢያንስ እኛ የመሰለን እንደዚያ ነበር።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ. ወንድሜ በመድረክም በቤትም የሚጠራበትን ቅጽል ስም በኩባንያዎ ስም፣ በንግድ ምልክትነት ስላስመዘገቡልን እጅ ነስቼ አመሰግናለሁ። ስሙን እዚህ ልጽፈው አልችልም፤ የሕግ ክፍልዎ በላከልን ማስጠንቀቂያ መሠረት በጽሑፍም፣ በድምፅም፣ በካናቴራም ላይ የእርስዎ ንብረት ነውና። ያንን ስም ያወጣለት አባታችን ነበር። ወንድሜ ገና በእግሩ ሳይሄድ በጋራዡ ወለል ላይ እየዳኸ፣ ያገኘውን መፍቻ አንስቶ የተበላሸ መኪና በር ሲደበድብ፣ አባታችን ከመኪናው ሥር ተኝቶ እየሳቀ ያወጣለት ስም ነው። እኛ አላስመዘገብነውም። ሞኝነታችን እዚህ ላይ ነው፤ ሰው እራት ቀረበ ተብሎ የሚጠራበትን ስም ሌላ ሰው ወረፋ ይዞ ያስመዘግበዋል ብለን አላሰብንም። እርስዎ ግን አሰቡ። እንዲህ ያለ አርቆ አሳቢነት ለሁሉም አይሰጥም።

እናቴ ነገሩ ሲነገራት፣ «ታዲያ የገዛ ልጄን ማን ብዬ ልጥራው? አንተ ሰውዬ ልበለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋን እንደ ወረደ ለሕግ ክፍልዎ አቀረብኩ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። እናቴ የክስ ወረቀት የሚባል ነገር ያስፈራታል። ከዚያን ቀን ወዲህ ባሏ ለልጇ ያወጣውን ስም በገዛ ቤቷ መጥራት ትታለች። ወንድሜን ስትፈልገው በር ላይ ቆማ ታስላለች። ክቡርነትዎ፣ በሌላው ሁሉ ልቀልድ እችላለሁ፤ በዚህ ግን አልቀልድም። እናቴን አፏን ያስያዙበትን ቀን በሕይወት እስካለሁ አልረሳልዎትም።

፪ኛ. ዘፈኖቻችንን በሙሉ በአንድ ጠዋት ከበይነመረብ ስላስነሱልን አመሰግናለሁ። ወንድሜ ከእንቅልፉ ነቅቶ ስልኩን ሲከፍት ባዶ ገጽ ጠበቀው። የሬዲዮ አዘጋጁ፣ ድሮ ዘፈን ለማጫወት ትንሽ ነገር አስጨብጡኝ ይል የነበረው ሰው፣ አሁን ብናስጨብጠውም እንደማይቀበለን በትሕትና ገለጸልን፤ ለካ የፕሮግራሙን ማስታወቂያ የሚከፍሉት እርስዎ ኖረዋል። ጉቦን ከአንድ ሬዲዮ ጣቢያ በማጥፋትዎ ሊሸለሙ ይገባል።

፫ኛ. ስሙ ያለ ሰው እንዳይቀር ሌላ ወጣት ቀጥረው፣ እንደ ወንድሜ አስለብሰው፣ ፊቱን በጥቁር መነጽር ሸፍነው በዚያው ስም ወደ መድረክ ስላወጡልን አመሰግናለሁ። ለጋዜጠኛ ሲናገሩም፣ ስሙ የኩባንያው ነው፣ ሠራተኛ ይቀያየራል ማለትዎን ሰምቻለሁ። ዓይንን በጨው መታጠብ ሲባል እሰማ ነበር፤ በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ጊዜ ነው። በወጣቱ አልፈርድም፤ ደመወዝ ፈልጎ ነው፣ ድምፁም አይከፋም። የወንድሜን ግጥም ግን አለቦታው እየተነፈሰ ነው የሚያወርደው።

፬ኛውን ጀምሬው ነበር፤ ደሜ ስለፈላ ተውኩት። ይልቅ ወደ ደስ የሚለው ክፍል ልለፍ።

በሥርዎ ያሉት በርካታ አማካሪዎች ስለ ሂፕ ሆፕ አንዲት ነገር ሳይነግሩዎት መቅረታቸው ያሳዝነኛል። በእኛ ሙያ ስም እንደ ሳሙና ስም ካርቶን ላይ ታትሞ የሚቀመጥ አይደለም። አንድ ራፐር ሌላውን በግጥም ሲዘልፈው፣ የተዘለፈው ሰው በግጥም መመለስ አለበት። ካልመለሰ ስሙ አለቀለት፤ አዳራሽ አይሞላለትም፣ ስሙ ያለበትን ካናቴራ በነፃ ቢሰጡትም የሚለብሰው አይገኝም። ይህ በየትኛውም ሕግ አልተጻፈም፤ ቲኬት ለመቁረጥ የሚሰለፈው ወጣት ሁሉ ግን ያውቀዋል።

ወንድሜ ደግሞ፣ ለእርስዎ ምስጋና ይግባና፣ አሁን ስም የለውም። ስም የሌለውን ሰው በምን ስሙ ይዘልፉታል?

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ጓደኛችን የሆነ የአዳራሽ ባለቤት ምንም ያልተጻፈበት ፖስተር በየግድግዳው ለጠፈልን። ሰው ምን ጉድ ነው ብሎ መጣ፤ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ወንድሜ ወጣና ያንን ስም ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ የሚገፍፍ ግጥም አወረደ። ስሙን አንድም ጊዜ አልጠራውም፤ የሕግ ክፍልዎ ቅጂውን ደጋግሞ ቢያዳምጥ አያገኘውም። ግን ያ ስም የተሸከመውን ገመና ከእሱ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? ዕድሜውን ሙሉ ኖሮበታል። ትምህርት ቤት መድረክ ላይ ግጥሙ ጠፍቶበት ያለቀሰበትን፣ የመጀመሪያ ፍቅረኛው ለምን ትታው እንደሄደች፣ ከጓደኛው ሰርቆ የራሱ ያስመሰለውን ስንኝ፣ ሁሉንም አወጣው። ሰው ራሱን በአደባባይ እንዲህ ሲገፍፍ አይቼ አላውቅም። ሲጨርስ፣ «የዚያ ስም ባለቤት ነኝ የሚል ይምጣና ይመልስልኝ» አለ። ያን ጊዜ ሕዝቡ ስሙን እየጠራ፣ መልስ! መልስ! እያለ አዳራሹን ነቀነቀው። የጠራው ሕዝቡ ነው፤ ከፈለጉ ሁሉንም በየስሙ ይክሰሱት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ከመድረክ ወርዶ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። አባታችን የሰጠውን ነገር በገዛ አፉ ገደለው፤ እኔም አብሬው አለቀስኩ። ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑልን አይደለም። የገዛ ስጋችንን ቆርጠን እንደምንጥል አውቀው እንዲቀመጡ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን እርስዎም ያውቁታል። የእርስዎ ወጣት በሄደበት መድረክ ሁሉ ሕዝቡ ዘፈኑን ማዳመጥ ትቶ መልስ! ይለዋል። ስፖንሰር ያደረገው የለስላሳ መጠጥ ድርጅት ሥዕሉን ከጠርሙስ ላይ አንስቷል አሉ፤ ከልቤ አዘንኩ። ስሙን ይመልሱልን ብዬም አልለምንዎትም። ልመናዬን ድሮ በርዎ ላይ ጨርሻለሁ። ይልቅ በወርቃማ ፍሬም አድርገው ቢሮዎ ውስጥ ይስቀሉት፤ የእድሳት ክፍያውንም በየጊዜው ሳያጓድሉ እንዲከፍሉ አደራ እላለሁ። ወንድሜ ሁለተኛውን ዘለፋ ጽፎ ጨርሷል።

ላደረጉልን ሁሉ እጥፍ አድርጎ ይክፈልዎት እያልኩ፣ የኩባንያዎን መጨረሻ በታላቅ አክብሮትና በሰፊ ትዕግሥት የምጠባበቅ፣

የባለቅጽል ስሙ ታላቅ እህት

ማስታወሻ፦ ፊርማዬን ላኖር ስል የጋራዡ በር ተንኳኳ። የቀጠሩት ወጣት ነበር፤ መነጽሩን አውልቆ ወንድሜን ይቅርታ ጠየቀው፣ የሚመልሰው ግጥም እንደሌለውም ነገረው፤ የተዘለፈው እሱ አይደለማ። እናቴ ማን እንደሚባል ጠየቀችው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም ሲነግራት ጮክ ብላ ጠራችውና ገብቶ እንዲበላ አዘዘችው። አሁን ከወንድሜ ጋር ቀረጻ ላይ ነው፤ ሰኞ የመልቀቂያ ደብዳቤውን ያደርስዎታል። ስለዚህ ያ ስም በዓለም ላይ የቀረው ባለቤት አንድ ሰው ብቻ ነው። የፊታችን ቅዳሜ አዳራሹን ይዘናል፣ ሕዝቡም መልስ እየጠበቀ ነው፤ ማይክሮፎኑን ለእርስዎ ቁመት አስተካክለን እንጠብቅዎታለን።