ያረምሽው ንድፍ እኛ ጋ አልደረሰም

ውድ ልጄ፣

ከሁሉ በፊት ይህን ልብ በይልኝ፤ ወንድምሽ አልተጎዳም። እጆቹም ዓይኖቹም ደህና ናቸው። የፈራሁት ለሚመጣው ነው። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ግን ወንድምሽ ስለሚሰማኝ ተውኩት።

የፓምፑን መያዣ ንድፍ ባለፈው ሳምንት ወፈር አድርገሽ አረምሽው። ወንድምሽም እንዳልሽው ወፍራም ብረት መቁረጫ ማሽኑ ላይ አሰረ። ነገር ግን መቁረጫው የሚሄድበትን መንገድ ለማሽኑ የሚያወጣው ያ በርካሽ ያገኘው ሶፍትዌር ካንቺ የንድፍ ሶፍትዌር ጋር አይነጋገርም። አንዴ ቅጂ ከወሰደ በኋላ አንቺ ብታርሚም እሱ የሚያውቀው የድሮውን ነው። ስለዚህ የጨመርሽው ውፍረት ባዶ አየር መስሎት መቁረጫውን በሙሉ ፍጥነት ብረቱ ላይ ነዳው።

በሩ ላይ ቆሜ ነበር። መቁረጫው ተሰብሮ ስባሪው በወንድምሽ ጆሮ አጠገብ አልፎ ግድግዳው ላይ ተሰካ።

“አባዬ፣ አየኸው? እኔን ፈርቶ ሸሸ” አለኝ እየሳቀ። መነጽሩን ማውለቅ ግን አቃተው፤ እኔ አወለቅኩለት።

“ሶፍትዌሩን ቀይረው” አልኩት።

“በምን? ማሽኑን ሸጬ ሶፍትዌር ልግዛ? ከእንግዲህ እሷ ባረመች ቁጥር እንደ አዲስ አስገባዋለሁ። አልረሳም።”

ልጄ፣ ባስተማርኩበት ዘመን “አልረሳም” ያለኝ ተማሪ ሁሉ ከልቡ ነበር ያለኝ። ግን ይረሳል።

ስለዚህ እንደ ልማዴ ቁጭ ብዬ ገበያ ላይ ስላሉት ሶፍትዌሮች አንድ በአንድ አነበብኩ። ነፃው ካለን አይሻልም፤ እሱም የሚሠራው በቅጂ ነው። ውዱ ደግሞ የሚችለው ብዙ ነው፤ የእኛ ማሽን ግን ግማሹን እንኳ አይጠቀምበትም። ያመንኩበት እዚያው የንድፍ ሶፍትዌርሽ ውስጥ ገብቶ የሚሠራውን ነው። ንድፉ ከታረመ የመቁረጫው መንገድ አርጅቷል ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ብረት ከመንካቱም በፊት ሥራውን በስክሪን ላይ ያሳያል። ዋጋውን እንችለዋለን። አሮጌው ማሽናችን የሚገባውን ትእዛዝ መጻፍ እንደሚችልም ሻጩን ደጋግሜ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ አንቺ የምትሠሪበት የንድፍ ሶፍትዌር እትም ይቀበለዋል ወይ? ይህን ካንቺ በቀር የሚነግረኝ የለም። እስከዚያው ንድፉ ላይ አንድም መስመር እንዳትነኪ።

ሌላም ነገር አለ። የማሽኑን ማስነሻ ቁልፍ ደብቄበታለሁ። ወንድምሽ ከጠዋት ጀምሮ መሳቢያ ሁሉ እየገለበጠ ነው። “አባዬ፣ አላየኸውም?” ሲለኝ ኪሴ ውስጥ ጨብጬው “አላየሁም” አልኩት። ካላገኘሁት ራሴ ሌላ እቀርጻለሁ ይላል፤ ልጄን አውቀዋለሁ፣ ያደርገዋል። አሁንም ሞረድ ሲያነሳ እየሰማሁት ነው።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ሹፌር ዛሬውኑ ይመለሳል። እባክሽ መልሱን ሳትሰጪው አትልቀቂው።

አባትሽ