የአማቴ ሰላይ

ጥር 6

ከጠዋት ጀምሮ ሰው ስጠይቅ ዋልኩ። ድርጅታችን ሊፍት ይጠግናል፤ አንዳንዱ ሊፍት ያለው ደግሞ ጠባቂ በበዛበት የመንግሥት ሕንፃ ውስጥ ነው። እዚያ የሚገባ ሠራተኛ ሁሉ የደህንነት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃዱን የማስጨርሰው እኔ ነኝ... ማለትም በየሰዉ ጓዳ የምገባው እኔ ነኝ።

አዲሱን ኤሌክትሪሺያን፣ «ውጭ አገር ዘመድ አለህ?» አልኩት።

«አጎት አለኝ። ግን አይቆጠርም።»

«ለምን?»

«ስልክ አያነሳማ።»

በያጁን ደግሞ፣ «ከመንግሥት የምትደብቀው ነገር አለ?» ስለው ብዙ አሰበ። «ከመንግሥትስ የለም» አለ በመጨረሻ። «ከባለቤቴ ከሆነ ግን በሩን ዝጋው።»

ዘጋሁት። ነገሩ እዚህም አይጻፍ።

የራሴም ፈቃድ ሊታደስ ነው። አጣሪ ሰፈር ድረስ ይመጣል፣ ጎረቤት ይጠይቃል። ይምጣ! ምን አለብኝ? ከሰው አልጣላ፣ የሥራ ነገር ቤት ውስጥ አላነሳ።

ጥር 9

ፀጉሬን ልቆረጥ ሄድኩ። ወረፋ ነበር። አስተካካዩ ገና ሲያየኝ ወንበሩ ላይ የነበረውን ሰውዬ ግማሽ ጭንቅላቱን እንደተላጨ አስነሳው። «እርስዎ ይቅደሙ።» ኧረ ተው ብለው ወይ ፍንክች! ሰውዬውም አልተቆጣ... እንዲያውም ይቅርታ ጠየቀኝ።

ሰፈሩ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እንዲህ ነው። በራችን ላይ መኪና የሚያቆመው ጎረቤት መኪናውን አንስቷል። እኔ ስደርስ ወሬ ይቆማል። ለሚስቴ፣ «ጨዋነት ውሎ አድሮ ይከበራል» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ሽንኩርት መክተፏን ቀጠለች።

ጥር 15

አጣሪዋ ሰፈር መጥታ ነበር አሉ። ጠፍጣፋ ጫማ ያደረገች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት። ልቤ የረጋ ነው።

ጥር 17

አልረጋም።

ቢሮዋ አስጠራችኝ። «ጎረቤቶችዎን ስለ እርስዎ ጠየቅኩ» አለች። «አንዱ ቤት፣ ‹እሱን የሚያውቀው ፈጣሪ ነው› አሉኝ። ሌላው ቤት በሩን ከፍተው መልሰው ዘጉት። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ፣ ‹እንዳናገርኩሽ እንዳትነግሪው፣ የልጆች አባት ነኝ› ብሎ ለመነኝ።»

«ምን አድርጌው?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቅዎት። ለሰፈሩ ሰው ሥራዬ ምንድን ነው ብለው ነው የነገሯቸው?»

«ሊፍት...»

«እነሱ ሰላይ ነው ይላሉ።»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ሰላይ ነኝ ብሎ ማስወራት እዚያ መሥሪያ ቤት ቀልድ አይደለም። ጉዳዩ እስኪጣራ ፈቃዴ ታገደ። ባጄን ከአንገቴ አውልቄ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ። አንገቴ ቀለለ... ሌላው ሁሉ ከበደ።

ጥር 18

ቢሮዬ ተቆለፈ፤ ቁልፉ ሥራ አስኪያጁ ኪስ ገባ። እኔ የእንግዳ ወንበር ላይ ቁጭ። የሦስት ቴክኒሻኖች ፈቃድ በወሩ መጨረሻ ያበቃል። ማደሻውን ማስገባት የሚችለው ደግሞ ራሱ ፈቃድ ያለው ሰው ነው። ማለትም እኔ... የድሮው እኔ።

ሥራ አስኪያጁ ሲንጎራደድ ዋለ። «ቴክኒሻን ካልገባ ሊፍቱ ይቆማል። ሊፍቱ ከቆመ ባለሥልጣኑ በደረጃ ሊወጣ ነው። ባለሥልጣን ደረጃ ወጥቶ ካላበው እኛ አለቀልን! ለመሆኑ ምን አድርገህ ነው?»

«ምንም።»

«ምንም ያላደረገ ሰው ሰላይ ይባላል?» አለ። ቆየት ብሎ ጠጋ አለኝና በሹክሹክታ፣ «አይደለህም አይደል?»

ጥር 19

ምንጩ ተገኘ። ለካስ የሚፈልቀው ከገዛ ቤቴ ነው።

አማቴ ጉልበታቸውን ከታመሙ ወዲህ ከእኛ ጋር ናቸው። በረንዳ ላይ አተር ሲፈለፍሉ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ ለጎረቤት እኔን ሰላይ ነው ብለዋል?»

«እኔ? ምላሴን ይቁረጠው! አንዲት ቃል አልወጣኝም።»

«ታዲያ ከየት አመጡት?»

«አማችሽ ምን ይሠራል አሉኝ፤ ዝም አልኩ። ደግመው ጠየቁኝ። እንዲህ አደረግኩ...» ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ግራና ቀኝ ገላመጡ። ቲያትር ቤት ቢገቡ ባዶ ወንበር ባልተገኘ።

«እማማ!»

«ምን ላድርግ? የእህቴ አማች አውሮፕላን ያበራል። አንተ ምን እንደምትሠራ ሁለት ዓመት አብሬህ ኖሬ አላውቅም። ስጠይቅህ ‹ሥራ ነው› ትላለህ። ስልክ ሲደወልልህ ጓሮ ትሄዳለህ።»

«ቤት ውስጥ ኔትወርክ ስለሌለ ነው!»

«እሱን ማን ነገረኝ?»

ልጮህ አፌን ስከፍት እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እዚህ ስመጣ እንዴት አደርሽ የሚለኝ አልነበረም። መንገደኛ ስቆጥር ነበር የምውለው። ጣቴን ከንፈሬ ላይ ካደረግኩ ወዲህ ግን ይመጡ ጀመር... ይቀመጣሉ፣ ያጫውቱኛል፣ ዘንቢሌን ይይዙልኛል።»

አተሩን አብሬ ፈለፈልኩ።

ጥር 20

አማቴ ማንም ሳይጠይቃቸው ተነስተው ሄደዋል! አዲሱን ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው። ሚስቴ ደወለች። «እናቴ አጣሪዋ ቢሮ ናት፣ ድረስ!»

ከንፌ ደረስኩ። የበሩ ጠባቂ ላብ በላብ ሆኗል። «ቀጠሮ አለዎት ወይ ስላቸው፣ ‹እጄን ልሰጥ ነው የመጣሁት ልጄ› አሉኝ። ምን ላድርጋቸው?» አጣሪዋ ራሷ ወርዳ አስገብታቸዋለች። እኔ ፈቃድ የለኝማ... በር ላይ ቀረሁ።

ምሳ ሰዓት አልፎ ወጡ። ፊታቸው ፈክቷል።

«ምን አሏት?»

«ምስጢር ነው።»

«እማማ!»

«‹እዚህ ያወራነው እዚሁ ይቅር› ብላኛለች። ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

ታክሲ ውስጥ ለመንኳቸው፤ ወይ ንቅንቅ። ቤት ስንገባ ልጃቸው ለመነቻቸው፤ ወይ ንቅንቅ! ይሄ አፍ እስከ ዛሬ የት ነበር?

ጥር 22

አንድ ነገር ብቻ ነገሩን። ያበላሹትን ወሬ ራሳቸው ሊያቃኑ ነው። ምርኩዛቸውን ይዘው ቤት ለቤት ዞሩ፤ እኔም ከኋላ።

«አማቼ ሰላይ አይደለም። ወረቀት ነው የሚሠራው» ይላሉ።

«ገባን እማማ» ይላል ጎረቤቱ፣ እኔን በጎን እያየ። «ወረቀት።»

«እውነቴን ነው!»

«እኛስ መች ሌላ አልን? ወረቀት ነው፤ አለቀ።»

እስከ ትናንት ተራ ሰላይ ነበርኩ። ዛሬ ማዕረግ ሳይጨመርልኝ አልቀረም።

ጥር 24

ሚስቴ መላ መታች። «ሥራህን ንገራቸው። የእውነቱን፣ እስከ ጥጉ።» ምስጢር የሌለበትን ብቻ ነዋ... እሱ ደግሞ ሞልቷል።

ጎረቤቶቹን በረንዳ ላይ ሰበሰብን። ማደሻ ከአዲስ በምን እንደሚለይ ጀመርኩ። ከዚያ የፎቶግራፍ ጀርባ ለምን ነጭ እንደሚሆን። የደበዘዘ ማህተም እንዴት ደጅ እንደሚያስጠና። ጉሮሮዬ ተከፈተ። ለካስ ስንት ዘመን የሚሰማኝ አጥቼ ነበር! ሰማያዊና ጥቁር እስክሪብቶ ላይ ስደርስ አንዷ ምድጃ ላይ የጣደችው ነገር ትዝ አላት። አንዱ አንቀላፋ። ባለመኪናው ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ። «ይሄን ሰው ፈጥሮ አያወራውም» አለ። «እውነትም ወረቀት ነው የሚሠራው።»

አመሻሹ ላይ መኪናው በራችን ላይ ተመልሳ ቆማለች። ደስ አለኝ። ትንሽም ከፋኝ።

ጥር 27

ባጄ ተመለሰ!

«አማትዎ የነገሩኝን አልነግርዎትም» አለች አጣሪዋ። «ያሳለፍኩትን ውሳኔ ግን ይስሙ። ‹ይህ ሰው ስለ ሥራው ቤቱ ውስጥ ትንፍሽ ስለማይል፣ አማቱ ከራሳቸው ለመፍጠር ተገደዋል። ፈቃዱ ይታደስ።›» ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት።

ከሰዓት የሦስቱን ቴክኒሻኖች ማደሻ አስገባሁ። ሥራ አስኪያጁ አቀፈኝ። «ሁለተኛ እንዲህ ዝም እንዳትል!» አለ። ወዲያው ደነገጠ። «ማለቴ... እንዳታወራም።»

የካቲት 5

በረንዳው ጭር ብሎ ሰነበተ። ሰላይ የለም፣ እንግዳ የለም። ጠዋት ስወጣ አማቴ ለብቻቸው ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። እኔን አድነው ራሳቸው ቀሩ...

ከሥራ ስመለስ ግን ሳቅ ሰማሁ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ጨርቋንና መርፌዋን ይዛ አጠገባቸው ተቀምጣለች።

«አማቼ ሰላይ አለመሆኑን ሰምተሻል አይደል?» አሏት፣ ሳታውቅ እንዳትደክም ብለው።

«ሰምቻለሁ እማማ። የእርስዎ አማች ምን ቸገረኝ? እኔ የእርስዎን ጨዋታ ብዬ ነው የመጣሁት።»

አማቴ ቀስ ብለው ምርኩዛቸውን ከመሃል አነሱና፣ «ወዲህ ጠጋ በይ፣ ፀሐዩ በላሽ» አሏት።

ወንበር አምጥቼ ልቀላቀል ስል፣ «አንተ ግባ» አሉኝ። ገባሁ። ወዲያው ሳቁ እንደገና ፈነዳ። በማን ነው የሚስቁት? በእኔ? መጋረጃውን ከፈት አድርጌ ጆሮዬን መስኮቱ ላይ ለጠፍኩ... ምንም አይሰማም። ትንሽ ስገፋ መስኮቱ ተንቋቋ። ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

«ይኸው ነው» አሉ አማቴ። «ታዲያ ይሄ ሰላይ ይሆናል?»