በሰሌዳዬ ቦታ ስለገባችው የኪራይ መኪና

እ.ኤ.አ. ሜይ 14 ቀን 2019

ለሞንተፊዮላ ማዘጋጃ ቤት የትራፊክ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት
ለክብርት ኮማንደር ኢኔስ ፓርዲኒ
ሞንተፊዮላ

አመልካች፦ ኦሬስተ ባርሶቲ፣ ፉርኖ ጎዳና ቁጥር 9

ጉዳዩ፦ የመኪናዬ ሰሌዳ ከገዛ ቤቴ የመግቢያ ፈቃድ ላይ ተነስቶ በምትኩ የኪራይ መኪና ሰሌዳ ስለመመዝገቡ የቀረበ አቤቱታ

ክብርት ኮማንደር፣

1. እኔ አመልካች በእምነበረድ ድንጋይ ካባ የከባድ መኪና ሾፌር ስሆን፣ ከሰኞ ንጋት እስከ ሐሙስ ማታ ውሎዬም አዳሬም ተራራ ላይ ነው። ቤታችን ያለው ከከተማው ግንብ ውስጥ ነው። ፈቃድ የሌለው መኪና ወደ ግንቡ እንደማይገባ፣ በሩ ላይ የተተከለው ካሜራ የገባውን ሁሉ ከኋላ እንደሚያነሳ፣ ለአንድ ቤትም አንድ ሰሌዳ ብቻ እንደሚፈቀድ ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል። ካሜራው ከተተከለበት ቀን ጀምሮ በቤታችን ስም ተመዝግቦ የኖረው የእኔ ሰሌዳ ነው።

2. ባለፈው ዓርብ ፖስተኛው ሦስት አረንጓዴ ፖስታ አመጣልኝ። አረንጓዴ ፖስታ ደግ ወሬ ይዞ እንደማይመጣ በእኛ አገር ሕፃን ልጅም ያውቃል። ሦስቱም የቅጣት ወረቀቶች ናቸው። ጥፋቴ በአፕሪል ወር በሦስት ተከታታይ ሐሙሶች ያለ ፈቃድ ወደ ገዛ ቤቴ መግባቴ ነው።

3. ቅዳሜ ጠዋት መሥሪያ ቤትዎ መጥቼ መስኮት ቁጥር ሁለት የሚሠሩትን አቶ ጂልዶን ጠየቅኋቸው። መዝገቡን አይተው፣ «አቶ ኦሬስተ፣ በእነዚያ ቀናት የእርስዎ ሰሌዳ ተነስቶ ነበር። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ሚሬላ ናቸው፤ ያስቀየሩትም እሳቸው ናቸው» አሉኝ። ቤቱን ሚስቴ ከእናቷ የወረሰችው መሆኑ እውነት ነው። «በማን ሰሌዳ ተተካ?» ብላቸው፣ «እሱን መናገር አልችልም፤ የግል መረጃ ነው» አሉና፣ ወዲያው «የኪራይ መኪና ነው» ብለው ጨመሩበት። ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሰማ።

4. ክብርት ኮማንደር፣ በከተማችን ለመንገደኛ መኪና የሚያከራይ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው ነሪዮ ፋላስኪ። ይህ ሰው ከመጋባታችን በፊት ሚሬላን ይፈልጋት ነበር። በሠርጋችን ቀን ሦስት ጊዜ አስጨፍሯታል፤ እኔ ሙሽራው የደረሰኝ ሁለት ጊዜ ነው። አሁን ሚስቱ ሞታበት ብቻውን ይኖራል። ስልሳ ዓመት ሞልቶት አንድ ፀጉር አልሸሸውም። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ ማን እንደሚተኩስለት ግን አይታወቅም። እውነቱን ልናገር፦ ቀንቻለሁ። ጎማ ስፈታ ነሪዮ፣ ሾርባ ስጠጣ ነሪዮ! ይህ ለአቤቱታ የማይመጥን ቃል ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ግን ሌላ ቃል አጣሁለት።

5. ጎረቤታችን ወይዘሮ ዞራይዴ የሰማንያ አራት ዓመት እናት ሲሆኑ፣ ልብስ እያሰጡ ጎዳናውን ይጠብቃሉ። ስጠይቃቸው፣ «ቢጫዋን መኪና ነው የምትለኝ? ሰኞ ማታ መጥታ ሐሙስ ጠዋት ትሄዳለች። ማን እንደሚወርድ ዓይኔ አያደርስልኝም፤ ጆሮዬ ግን ደህና ነው። ሚሬላ ሰሞኑን ታንጎራጉራለች ልጄ! አንተ ስትኖር ጉሮሮዋን ያማታል እንዴ?» አሉኝ። ሚሬላን ራሷን አልጠየቅኋትም። ሳትነግረኝ ትቀራለች ብዬ አይደለም፤ የፈራሁት ትነግረኛለች ብዬ ነው።

6. ስለዚህ በትሕትና የምለምነው፦
ሀ) የዚያች ቢጫ መኪና ሰሌዳ ዳግመኛ በቤታችን ስም እንዳይመዘገብ፤
ለ) ወደ ቤቴ ስለገባሁ የተጣለብኝ ቅጣት እንዲነሳልኝ፤
ሐ) ነሪዮ ፋላስኪ ተጠርቶ መኪናው በሰው ደጅ ምን እንደምትሠራ እንዲጠየቅልኝ ነው።

7. እስከዚህ ያለውን የጻፍኩት ማክሰኞ ዕለት ካባው ላይ ሆኜ ነው። ዛሬ ዓርብ ነው፤ ነገሩም ተለውጧል። በአዲስ ወረቀት ልገለብጠው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ቴምብሩን ቀድሜ ለጥፌበታለሁ፤ የተላጠ ቴምብር ደግሞ መስኮት ቁጥር ሁለት ላይ ተቀባይነት የለውም። ስለዚህ ከዚሁ እቀጥላለሁ።

8. ዛሬ ጠዋት አቤቱታዬን ላስገባ ስወጣ እግሬ ወደ ነሪዮ ቢሮ ወሰደኝ። ሁለት ጀርመናውያን መንገደኞች ቁልፍ እየተቀበሉ ሳለ «ሚስቴን ተዋት!» ብዬ ጮህኩበት። ነሪዮ ሳቀ። «አንተ ሰውዬ፣ እኔ መቼ ይዣት? የተከራየችው መኪናዬን ነው፤ እኔን ብትከራየኝማ ደስ ባለኝ!» ብሎ ሁለት ወረቀት አወጣልኝ። አንደኛው የኪራይ ውል ነው። ተከራይ፦ ሚሬላ ጊዲ። ሹፌር፦ ራሷ። የሁለተኛ ሹፌር ስም በሚጻፍበት ቦታ ላይ ጭረት ተሰምሮበታል። ሌላው፣ መኪናዋ ፈቃዱ ሳይጸና በገባችበት በአንዱ ሰኞ ካሜራችሁ አንስቷት ከቅጣቱ ጋር ለነሪዮ የተላከለት ፎቶ ነው።

9. በፎቶው ላይ የሚታየው አንድ ጭንቅላት ብቻ ነው። ከዚያ ማጅራት ጋር ሃያ ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ። ጎኗ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ግራ እጇ እስከ ክርኗ በመስኮት ወጥቶ፣ ጣቶቿ ተዘርግተው ነፋስ ይቀበላሉ። በእኔ መኪና መስኮት አይከፈትም። ነፋስ አንገቴን ከመታኝ ሳምንቱን ሙሉ መዞር ስለማልችል፣ በኦገስት ሙቀት እንኳ ዝግ ነው፤ ሚሬላ ላቧን እየጠረገች ትቀመጣለች። መንጃ ፈቃድ ያወጣችው ከእኔ በፊት ነው፤ መሪ አስጨብጫት ግን አላውቅም። ክብርት ኮማንደር፣ ያንን እጅ ሳይ በነሪዮ ከቀናሁት የባሰ ቀናሁ። በማን እንደሆነ እኔም እንጃ። በነፋሱ መሰለኝ።

10. ቤት ተመልሼ ጠየቅኋት። አልካደችም። «የኔዘርላንድ ሰው እየመጣ በኪራይ መኪና አገሬን ይዞራል፤ እኔ የአገሬን ከተማ ቮልቴራን የማውቃት በፖስት ካርድ ነው። መንገደኛ መሆን አማረኝ፣ ተከራየሁ» አለች። «ታዲያ ምነው ብትነግሪኝ?» ስላት፣ «ብነግርህማ ጎኔ ተቀምጠህ ወለሉን እንደ ፍሬን ልትረግጥልኝ!» አለችኝ። የእኔን ሰሌዳ ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ታስመልሰው ነበር፤ መዝገቡ የሚታደሰው በማግስቱ መሆኑን አላወቀችም። «እሺ፣ በሩ ላይ ማቆሙ ለምን አስፈለገ?» አልኳት። «በእናቴ ቤት በር ላይ የእኔ ናት የምላት መኪና ቆማ ልያት ብዬ ነው» አለች።

11. «እንግዲያው በሁለተኛ ሹፌርነት አስመዝግቢኝ» ብዬ ለመንኳት። ሳህኖቹን ማጠብ ጨርሳ እጇን እስክታደርቅ አስጠበቀችኝ። ከዚያ «ሁለተኛ ሹፌር አያስፈልገኝም። ጎኔ ያለው ወንበር ግን ባዶ ነው። ሰኞ ባሕር እወርዳለሁ፤ አፍህን ከዘጋህ፣ መስኮቱንም ካልነካህ ና» አለችኝ። ለሰኞ ከካባው ፈቃድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል።

12. በዚህ ምክንያት ከላይ በሀ እና በሐ የጠየቅሁት እንዲሰረዝልኝ፣ ቅጣቱንም የተቀበልኩት መሆኑ እንዲታወቅልኝ እለምናለሁ። ቢጫዋ መኪና በቤታችን ፈቃድ ላይ እንዳለች ትቆይ። የእኔን መኪና ከግንቡ ውጭ አቁሜ በእግሬ እገባለሁ። በመጨረሻም፣ ሰኞ ማታ ካሜራችሁ ያችን መኪና ከኋላ ሲያነሳት ሁለት ጭንቅላት ይታያል። በግራ በኩል ያለችው ሚሬላ ናት። በቀኝ በኩል አንገቱን በሱፍ ሻርፕ ጠቅልሎ የተቀመጠው ሌላ ወንድ አይደለም፣ ባሏ ነው፤ መሥሪያ ቤትዎ ይህንኑ አውቆ በመዝገብ እንዲይዝልኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ኦሬስተ ባርሶቲ
የሚሬላ ጊዲ ባል